ስንት ሰርቨር ልከራይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ክላስተር ናቸው፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተር አስተሳስሮ እንደ አንድ ስለማሰራት፣ በተለይ ክላውድ ላይ፣ ማለትም የሌላ ድርጅትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት በኩል በኪራይ። ሰርቨር የምንለው የሚከራየውን ኮምፒውተር ነው፣ ኮር ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አንድ የማስሊያ ክፍል ነው። የመጀመሪያዋን ጠያቂ መልስ ሆን ብዬ አስረዝሜዋለሁ፣ ምክንያቱም እሷ የያዘችው ሀሳብ የብዙ ሰው ሀሳብ ነው፣ ብዙ ሰውም ገንዘቡን የሚያፈሰው እዛው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የአባይ ተፋሰስ የክረምት ዝናብ ላይ ነው፣ ወርፍ የሚባለውን የአየር ጠባይ ሞዴል በ3 ኪሎ ሜትር ራን ማድረግ አለብኝ፣ የምፈልገው ሐምሌን ሙሉውን ነው። ላፕቶፔ 4 ኮር ነው፣ የአንድ ቀን ዝናብ ለማስላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል፣ በዛ ላይ መብራት ይጠፋል ከዜሮ እጀምራለሁ። የአጎቴ ልጅ ውጭ አገር ነው ያለው፣ በካርዱ እስከ 300 ዶላር ተጠቀሚ ብሎኛል። ባለ 4 ኮር ሰርቨር 8 ተከራይቼ ክላስተር ልሰራ ነው፣ 8 ከሆኑ 8 እጥፍ ይፈጥናል አይደል? ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ 8 ሰርቨር አትከራዪ። አንድ ትልቅ ተከራዪ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽና ከዛ አንዱ የማይበቃሽ ከሆነ ወደ ክላስተሩ እንሄዳለን።

ለብዙ ማሽን የሚከፋፈል ስራ ሁለት አይነት ነው። አንደኛው እንደ ደቦ አጨዳ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር ይይዛል፣ ጎንህ ያለው ቢዘገይም አንተ ማጨድህን ትቀጥላለህ። አስር ሺህ ፎቶ ማሳነስ ወይም የብዙ ሰው የዘረመል ፋይል አንድ በአንድ መመርመር እንደዚህ ነው፣ 8 ርካሽ ሰርቨር ብትሰጪው ወደ 8 እጥፍ የተጠጋ ፍጥነት ታገኛለሽ። ሁለተኛው ግን በሽተኛ በቃሬዛ እንደመሸከም ነው፣ አራቱም እኩል ይራመዳሉ፣ አንዱ ቆም ካለ ሁሉም ይቆማል። ወርፍ ይሄኛው ነው።

ወርፍ ካርታሽን እንደ ማሳ ቆራርጦ ለየኮሩ ያድላል፣ ግን ደመናና ንፋስ የማሳ ድንበር አያውቁም፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ እያንዳንዱ ኮር ድንበሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከጎረቤቶቹ መቀበል አለበት፣ ሳይቀበል ወደሚቀጥለው አይሄድም። የእርምጃው ርዝመት በተለምዶ የኪሎ ሜትሩ 6 እጥፍ በሰከንድ ነው፣ አንቺ 3 ኪሎ ሜትር ስለሆንሽ 18 ሰከንድ ማለት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፣ በ18 ስናካፍለው 4,800 እርምጃ። ሐምሌ 30 ቀን ስለሆነ 144,000 እርምጃ ይሆናል። አሁን እስቲ አስቢው፣ ሰርቨሮቹ ቁጥር ለመቀባበል በየእርምጃው አንድ አስረኛ ሰከንድ ብቻ ቢጠባበቁ 14,400 ሰከንድ ነው፣ 4 ሰዓት ሙሉ 8 ሰርቨር ቆሞ እያስከፈለሽ ማለት ነው። አንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ኮሮች ግን ይሄንን የሚቀባበሉት በራሱ በሜሞሪው በኩል ነው፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም። ርካሾቹ ትንንሽ ሰርቨሮች ደግሞ ኔትወርካቸው ላይ «እስከ 10 ጊጋቢት» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት፣ ለትንሽ ደቂቃ ያንን ያህል ይሰጥሽና ከዛ ይቀንሰዋል።

ዛሬ 96 ኮር ወይም 192 ኮር ያለው አንድ ሰርቨር በሰዓት ሂሳብ ይከራያል። ስትመርጪ አከራዮቹ የሚጽፉት ቪሲፒዩ የሚለው ቁጥር ኮር መስሎ እንዳያታልልሽ፣ ብዙዎቹ የኢንቴል ሰርቨሮች ላይ አንድ ቪሲፒዩ የአንድ ኮር ግማሽ ነው፣ 32 ተብሎ የተጻፈው በትክክል 16 ኮር ነው፣ ወርፍ ደግሞ ከሁለተኛው ግማሽ የሚያገኘው ነገር እዚህ ግባ አይባልም። አዳዲሶቹ የኤኤምዲ አይነቶችና ግራቪቶን በሚባለው የአማዞን ፕሮሰሰር ላይ ግን አንድ ቪሲፒዩ ራሱን የቻለ አንድ ኮር ነው።

ኮር በጣም ማብዛትም ገደብ አለው። ወርፍ አንድ ቁራጭ ማሳ በርዝመትም በወርድም ከ10 ነጥብ (ያንቺ ነጥቦች በየ3 ኪሎ ሜትሩ ናቸው) እንዲያንስ አይፈቅድም፣ ካርታሽ 150 በ150 ነጥብ ከሆነ ቢበዛ 15 በ15 ነው የሚቆረጠው፣ 225 ቁራጭ ማለት ነው፣ 300 ኮር ብትከራዪ ስህተት ጽፎ ይቆማል። ፍጥነቱ ደግሞ ከዛ ብዙ በፊት ነው መጨመር የሚያቆመው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ትልቁን ሰርቨር ለሁለት ሰዓት ብቻ ተከራዪና የ6 ሰዓት ዝናብ በ16 ኮር፣ ከዛ በ32፣ ከዛ በ64 ራን አድርጊ። ሎግ ፋይሉ ላይ «ታይሚንግ ፎር ሜን» የሚል መስመር በየእርምጃው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይነግርሻል። ኮሩ እጥፍ ሆኖ ሰዓቱ እምብዛም ካልቀነሰ እዛ ጋ አቁሚ። ያገኘሽውን ቁጥር በ144,000 አባዢው፣ ለምሳሌ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ 72,000 ሰከንድ ነው፣ 20 ሰዓት፣ በቃ ሐምሌ ሙሉውን 20 ሰዓት ውስጥ። ያንን በሰርቨሩ የሰዓት ዋጋ አባዢውና የአጎትሽን ልጅ ካርድ ከመንካትሽ በፊት ሂሳቡን ላኪለት። በነገራችን ላይ አዲስ አካውንት ላይ ትልቅ ሰርቨር ወዲያው አይፈቀድም፣ የኮር ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው እንዲነሳልሽ ጥያቄ ማስገባት አለብሽ፣ መልሱ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ አስገቢ።

ከለካሽ በኋላ አንዱ አልበቃሽም እንበል፣ ለምሳሌ አድቫይዘርሽ 10 ክረምት አምጪ ቢሉሽ። መጀመሪያ 10ሩን ክረምት ለየብቻ ማስኬድ ይቻላል ወይ ብለሽ አስቢ፣ እያንዳንዱ ዓመት ለብቻው ከሆነ ቃሬዛው ደቦ ሆነልሽ ማለት ነው፣ 10 ሰርቨር እርስ በርስ ሳይነጋገር ይሰራል። እንደዛ ካልሆነ ብቻ ነው እውነተኛ ክላስተር የምትተክይው፣ ያኔ ሰርቨሮቹ አንድ ዞን፣ ማለትም የአከራዩ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ ፕሌስመንት ግሩፕ በሚባለው አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው፣ ለዚህ ስራ የተሰራ ፈጣን ኔትወርክ ያላቸው መሆን አለባቸው፣ አማዞን ላይ ኢኤፍኤ ይባላል። ጆብ፣ ማለትም ስራውን፣ ለሰርቨሮቹ የሚያድለው ስለርም የሚባል ፕሮግራም ነው፣ መጀመሪያ ሎረንስ ሊቨርሞር ላብራቶሪ ውስጥ የተሰራ፣ በነጻ የሚገኝ፣ ዛሬ ብዙዎቹ የዓለም ትልልቅ ሱፐርኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት። ስለርምን በእጅ ከመትከል ይልቅ ፓራለልክላስተር የሚባለውን የአማዞን ነጻ መሳሪያ ተጠቀሚ፣ የምትፈልጊውን የሚዘረዝር አንድ የያምል ፋይል ትጽፊለታለሽ እሱ ሁሉንም ይተክላል። ዋናው ኖድ (ክላስተር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰርቨር ኖድ ይባላል) ትንሽና ርካሽ ይሁን፣ የሚያሰሉት ኖዶች ቁጥር ዝቅተኛው ዜሮ ይሁን፣ ጆብ ስታስገቢ ይነሳሉ፣ ስራ ፈተው 10 ደቂቃ ከቆዩ ራሳቸው ይጠፋሉ። የጋራ ዲስክ በተመለከተ ለጥቂት ኖድ ከዋናው ኖድ በኤንኤፍኤስ የተጋራ ዲስክ ይበቃል፣ ሉስተር የሚባለው ፈጣን የጋራ ዲስክ ጥሩ ነው ግን አማዞን ላይ ትንሹ መጠን 1.2 ቴራባይት ስለሆነ ላንቺ ወጪ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከልቤ የምለምንሽ፣ ክላስተሩን እንደ ሰርግ ድንኳን ያዢው። ድንኳን ተከራይቶ ሰርጉ ሲያልቅ የማይነቅል ሰው የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት መልስ አለ ተብሎም ዝም ብሎ ቆሞ አይከርምም። ወርፍን ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ከኮዱ ተነስቶ ለሰርቨሩ ማዘጋጀት፣ ግማሽ ቀን የሚበላ ስራ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄንን ድካም ስለሚፈራ ነው ሰርቨሩን ሳያጠፋ የሚተወው፣ እኔም በዚህ ምክንያት ብቻ 11 ቀን ስራ ፈቶ የቆመ ሰርቨር ከፍያለሁ። አንቺ አንዴ ከጫንሽው በኋላ ዲስኩን ኢሜጅ፣ ማለትም ሙሉ ቅጂ፣ አድርገሽ አስቀምጪ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይነሳል፣ ስለዚህ ለማጥፋት አትፈሪም።

የቀረውን በአጭሩ። አማዞን ላይ ስፖት የሚባለው የትርፍ ሰርቨር ኪራይ እስከ 90 በመቶ ይረክሳል፣ ግን ባለቤቱ ሲፈልገው የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ወርፍን በየ6 ሰዓቱ የሪስታርት ፋይል እንዲጽፍ አድርጊው፣ እንደ ላፕቶፕሽ ከዜሮ አትጀምሪም። መብራት ቢጠፋብሽ ሰርቨሩ እዛ እየሰራ ነው፣ ቲመክስ በሚባለው፣ አንቺ ብትወጪም ስራውን በሚያቆየው ፕሮግራም ውስጥ አስነስተሽው ከሆነ ተመልሰሽ ስትገቢ እንደተውሽው ታገኚዋለሽ። ኬፕታውን ያለው የአማዞን ማዕከል ቅርብ ነው ብለሽ እዛ አትከራዪ፣ ለዚህ አይነት ስራ ርቀቱ ለውጥ የለውም፣ ዋጋው ግን ከቨርጂኒያ ይበልጣል፣ ለወርፍ መነሻ የሚሆነው ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ የአየር ትንበያ ዳታም ቨርጂኒያ ውስጥ ክላውዱ ላይ በነጻ ተቀምጧል፣ ባሕር ዳር ዳውንሎድ አድርገሽ መልሰሽ መጫን የለብሽም። ውጤቱንም ሙሉውን አታውርጂ፣ ዝናቡንና የሚያስፈልግሽን ብቻ እዛው ቆርጠሽ አውርጂ፣ አማዞን ላይ በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ነው ከዛ በኋላ በጊጋባይት 9 የዶላር ሳንቲም ነው፣ ግን ካንቺ ጋር የሚጣላው ከሳንቲሙ በፊት ኢንተርኔቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 54 ነው፣ ቀን ታክሲ እነዳለሁ ማታ ማታ ክላውድ እየተማርኩ ነው። በአንድ ቪዲዮ እየተመራሁ የኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨር ላይ የሚያከፋፍለው) ክላስተር ሰራሁ፣ ሰራልኝ ደስ አለኝ፣ በዛው ቀን ሰርቨሮቹን በሙሉ አጠፋሁ። በወሩ መጨረሻ 204 ዶላር መጣብኝ። ምንም ሰርቨር የለኝም! ተሰርቄ ነው?

መልስ፦ አልተሰረቁም ጋሼ፣ ግን ድንኳኑን ነቅለው ወንበሩንና ድስቱን ሳይመልሱ ነው የቀሩት። የላኩልኝን የአማዞን ቢል መስመር በመስመር አየሁት። ኩበርኔቲሱን የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ኮንትሮል ፕሌን የሚሉት፣ ስሩ አንድም ሰርቨር ባይኖር በሰዓት 10 ሳንቲም ይቆጥራል፣ በ720 ሰዓት 72 ዶላር። ናት ጌትዌይ የሚባለው፣ በግል ኔትወርክ ያሉ ሰርቨሮች ኢንተርኔት እንዲያገኙ የሚያደርገው፣ በሰዓት 4 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ያ ቪዲዮ በሶስት ዞን ሶስት አስተክሎዎታል፣ 97 ዶላር ከ20። ለሶስቱ የተሰጡ የአይፒ አድራሻዎች፣ ከየካቲት 2024 በፈረንጆቹ ጀምሮ እያንዳንዱ በሰዓት ግማሽ ሳንቲም ስለሚከፈልበት 10 ዶላር ከ80። ሰርቨሮቹ ጠፍተው የቀሩ ዲስኮች 300 ጊጋባይት፣ በ8 ሳንቲም 24 ዶላር። ይደምሩት፣ ልክ 204 ይመጣል።

አሁን የሚያደርጉት፣ ክላስተሩን ራሱን ማጥፋት፣ ከዛ ናት ጌትዌዮቹን፣ ከዛ አድራሻዎቹን መልቀቅ፣ በመጨረሻ ዲስኮቹን። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፣ አድራሻው ናቱ ላይ ተይዞ እያለ አይለቅም። የከፈቱበትን ሪጅን (ሰርቨሮቹ ያሉበትን አካባቢ) ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም ይፈትሹ፣ ገጹ የሚያሳየው የመረጡትን አንዱን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚሸወደው። ለድርጅቱ ድጋፍ ክፍልም ይጻፉላቸው፣ እየተማርኩ ነው ሳላውቅ ነው ብለው በትህትና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳሳት ሰው አንዳንዴ ይቀንሳሉ። የበጀት ማስጠንቀቂያ በ10 ዶላር ያድርጉ፣ ግን ኢሜይል ብቻ ነው የሚልከው፣ ምንም ነገር አያጠፋም፣ ሂሳቡም በሰዓታት ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ለወደፊቱ በማውዝ እየጫኑ አይትከሉ። ቴራፎርም የሚባለውን መሳሪያ ይማሩ፣ የተከሉትን ሁሉ ስለሚመዘግብ በአንድ ትእዛዝ በዛው ልክ ይነቅለዋል፣ ለስራ ቃለ መጠይቅም ከኩበርኔቲሱ እኩል ይጠይቁዎታል። ወደ ደለስ ኤርፖርት ሰው ሲያደርሱ አሽበርን አካባቢ የሚያዩዋቸው መስኮት የሌላቸው ትልልቅ ሕንጻዎች እኮ የዚሁ ኪራይ ቤቶች ናቸው፣ ሰው የሚቀጥሩትም እዛው ሰፈርዎ ነው፣ በርቱ፣ 54 ዓመት ምንም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሆነን ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ከፍተናል። ሶስት ርካሽ ሰርቨር ውጭ አገር ተከራይተን የኩበርኔቲስ ክላስተር አድርገናቸዋል፣ ፋየርዎል አለን፣ ዩኤፍደብሊው የሚባለው በርቷል። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ይሆናል፣ የማናውቀው ፕሮሰስ አለ፣ ስንገድለው ተመልሶ ይመጣል። እንዴት እናጽዳው? አራተኛ ሰርቨር ብንጨምርስ ይረዳል?

መልስ፦ አታጽዱት። ሰው ቤታችሁ ገብቷል፣ ቁልፍ አስቀርጿል፣ የቱን በር እንደከፈተ ሳታውቁ ወለሉን ብትጠርጉ ዋጋ የለውም። ዳታቤዛችሁን ባክአፕ አውጡ፣ ሶስቱንም ሰርቨር ደምስሱ፣ ከባዶ ትከሉ፣ እዛ ላይ የነበረ ፓስወርድ፣ ቶክን፣ የኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከሩቅ የሚገባበት) ቁልፍ በሙሉ ይቀየር፣ የባንክ ወይም የክፍያ ኤፒአይ ቁልፍ ካለ ዛሬ ማታ ሳታድሩ። የምትሉት ፕሮሰስ ምልክቱ ሁሉ የክሪፕቶ ማይኒንግ ነው፣ በናንተ ሰርቨር ለራሱ ዲጂታል ገንዘብ ያመርታል ማለት ነው።

በየት ገባ የሚለውን ግን እገምታለሁ፣ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬደውን) ነው የምትጠቀሙት አይደል? ዶከር ፖርት፣ ማለትም የኔትወርክ በር፣ ስታወጡለት አይፒቴብልስ የሚባለውን የሊኑክስ የፋየርዎል ሕግ በራሱ ጊዜ ይጽፋል፣ ዩኤፍደብሊውን ዞሮት ያልፋል፣ እናንተ ዝግ ነው ብላችሁ የምታዩት በር ለዓለም ክፍት ነው። ይሄንን የማያውቅ በጣም ጎበዝ ሰው ብዙ አለ፣ እናንተ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የዶከሩ በር 2375፣ የሬዲስ ዳታቤዝ 6379፣ የኤትሲዲ (የኩበርኔቲስ መዝገብ) 2379፣ የኩቤሌት (በየሰርቨሩ ያለ የኩበርኔቲስ ሰራተኛ) 10250 ከኢንተርኔት መታየት የለባቸውም፣ እነዚህን ቁጥሮች ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ ማሽኖች አሉ፣ አዲስ ሰርቨር ሲበራ ብዙም ሳይቆይ ይደርሱበታል። መፍትሔው ፋየርዎሉን ከሰርቨሩ ውጭ፣ አከራዩ ድርጅት በሚሰጠው ፋየርዎል ላይ ማድረግ ነው፣ ዶከር እሱን ሊነካው አይችልም። ሶስቱ ሰርቨሮች የሚነጋገሩት በግል ኔትወርክ ይሁን፣ አከራዩ ከሌለው ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ትከሉ፣ ወደ ውጭ ክፍት የሚሆኑት የድረ ገጽ በሮቹ 80ና 443 ብቻ ይሁኑ፣ ኤስኤስኤች በፓስወርድ መግባት ይዘጋ።

አራተኛ ሰርቨር አይረዳም። ኤትሲዲ የሚወስነው በአብላጫ ድምጽ ነው፣ 3 ሆነው አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቀጥላሉ፣ 4 ሆነውም የሚችሉት የአንዱን መውደቅ ብቻ ነው፣ ሁለት መውደቅ ለመቻል 5 ያስፈልጋል። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ አራት ሰው ሆናችሁ ኩበርኔቲስ ማስተዳደር ራሱ የአንድ ሰው ሙሉ ስራ ነው፣ ደንበኞቻችሁ ጥቂት እስከሆኑ ድረስ አንድ ደህና ሰርቨርና በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ ባክአፕ ከሶስቱ የተሻለ እንቅልፍ ይሰጣችኋል።

ጥያቄ፦ ጎንደር የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ክላስተር ማስተማር እፈልጋለሁ፣ ግን የዶላር ካርድ የለንም። ላብ ውስጥ 12 አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል መምህር። የዛሬው ክላስተር በአብዛኛው የተወለደው ከእንደዚህ አይነት ኮምፒውተር ነው፣ በ1994 በፈረንጆቹ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ የ486 ኮምፒውተሮችን በኢተርኔት አስተሳስረው ቢዎልፍ ያሉትን ሰሩ፣ የእርስዎ አሮጌዎች ከነዛ ብዙ እጥፍ ይፈጥናሉ። ሊኑክስ ይጫኑ፣ ሁሉንም አንድ ስዊች ላይ ይሰኩ፣ አንዱን ዋና አድርገው የሆም ፎልደሩን በኤንኤፍኤስ ያጋሩ፣ ስለርምና ኦፕን ኤምፒአይ (ኮምፒውተሮቹ ቁጥር የሚቀባበሉበትን) ይጫኑ፣ ሁሉም በነጻ ነው። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር፣ ዩአይዲው፣ በ12ቱም ላይ አንድ መሆን አለበት አለዚያ ፋይል አይከፈትላቸውም። ሌላው ስለርም ማንነት የሚያረጋግጥበት ሙንጅ የሚባል ነገር አለ፣ 12ቱ ላይ አንድ አይነት ቁልፍ ይፈልጋል፣ ሰዓታቸው ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ደግሞ አይቀበልም። አሮጌ ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሚሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል፣ ተማሪዎቹም ቀኑን ሙሉ ኮንፊግ ፋይል ሲያገላብጡ ይውላሉ፣ ስለዚህ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒ ጭነው 11ዱ ሰዓታቸውን ከዋናው እንዲወስዱ ያድርጉ።

ከዛ ሁለት ስራ ይስጧቸው። አንዱ ፓይን (3.14ን) ነጥብ በዘፈቀደ በመጣል ማስላት፣ ሌላው የብረት ሳህን ላይ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ ማስላት። በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ12 ኮምፒውተር ያስኬዱትና ሰዓቱን ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው መስመር እየፈጠነ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ሳህኑ ትንሽ ከሆነ ብዙም ሳይርቅ መፍጠኑን ያቆማል፣ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ለምን ብለው ይጠይቋቸውና መልሱን ሳይነግሯቸው ክፍለ ጊዜው ይለቅ፣ የባሕር ዳሯን ተማሪ ሂሳብ ለቤት ስራ መስጠት ይችላሉ።